በሁለት ቃላት መካከል ያለ ክፍተት

ኮምፒውተር ሞደርን በተባለው የፊደል ቅርጽ፣ በ10 ፖይንት በታተመ ገጽ ላይ፣ በሁለት ቃላት መካከል ያለው ክፍተት 3.33333 ፖይንት ነው። ሲያስፈልግ 1.66666 ፖይንት ይለጠጣል። ሲያስፈልግ 1.11111 ፖይንት ይጨመቃል። ፖይንት የሚባለው እዚህ የኢንች 72.27ኛ እጅ ነው፤ ክፍተቱ እንግዲህ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። አንባቢ ልብ አይለውም። ልብ የሚለው ሲበላሽ ነው፤ አንዱ መስመር ሳስቶ ቀጣዩ ሲጨናነቅ፣ ወይም ክፍተቶቹ ከላይ እስከ ታች ገጥመው በአንቀጹ መሐል ነጭ ቦይ ሲወርድ።

እነዚህን ቁጥሮች የወሰኑት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ክኑት ናቸው። በሙያቸው የሚታወቁት በአልጎሪዝም ትንተና ነው፤ አንድ ስሌት ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ ከግምት አውጥቶ በቆጠራ የሚያሳይ ዘርፍ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታተመው የሒሳብና የፊዚክስ ጽሑፍ እጅግ ብዙው የሚለቀመው እሳቸው በሠሩት ቴኽ በሚባል ፕሮግራም፣ ወይም በቴኽ ላይ በተገነባው ላቴኽ ነው። የአልጎሪዝም ሰው እንዴት ፊደል ለቃሚ ሆነ የሚለው ጥያቄ ዙሪያ ጥምጥም የለውም፤ መጽሐፋቸው ስለተበላሸባቸው ነው።

ክኑት በ1938 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ያስተምሩ ነበር፤ አነስተኛ የኅትመት ሥራም ነበራቸው። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ አንድ የጣፋጭ ፋብሪካ ውድድር አወጣ፦ «ዚግለርስ ጃያንት ባር» ከሚለው የምርቱ ስም ፊደላት ስንት ቃል መመሥረት ይቻላል? ክኑት ሆዴን አመመኝ ብለው ከትምህርት ቤት ቀሩና ትልቁን መዝገበ ቃላት ዘረጉ። ፊደላቱን እያገጣጠሙ ቃል አልፈለጉም። ከመዝገበ ቃላቱ ተነሥተው እያንዳንዱ ቃል ባሉት ፊደላት ይጻፍ እንደሆነ አንድ በአንድ አጣሩ። ዳኞቹ በእጃቸው 2,500 ቃል ነበራቸው። ክኑት ከ4,500 በላይ አቀረቡ። ለእኔ ቁም ነገሩ ከየትኛው ጫፍ መጀመር እንዳለበት የተመረጠበት መንገድ ነው። ፊደላቱን ማገጣጠም መጨረሻ የለውም፤ መዝገበ ቃላት ግን የመጨረሻ ገጽ አለው።

በክሊቭላንድ ኬዝ ኢንስቲትዩት ሲማሩ አይቢኤም 650 የተባለውን ኮምፒውተር አገኙ። በ1960 የመጀመሪያና የማስተርስ ዲግሪያቸውን በአንድ ጊዜ ተቀበሉ፤ በ1963 ከካልቴክ በሒሳብ ዶክትሬት ያዙ። ያንን የኬዝ ኮምፒውተር አልረሱትም፤ የትልቁ መጽሐፋቸው የመጀመሪያ ቅጽ መታሰቢያነቱ ለማሽኑ ነው።

ትልቁ መጽሐፍ የተጀመረው በ1962 ነው። አዲሰን ዌስሊ የተባለው አሳታሚ ስለ ኮምፓይለር (ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚተረጉም ፕሮግራም) አንድ መጽሐፍ እንዲጽፉ ጠየቃቸው። አሥራ ሁለት ምዕራፍ አቀዱ። በ1965 ረቂቁ ሲያልቅ በእጅ የተጻፈ 3,000 ገጽ ሆኖ ነበር። በአንድ ጥራዝ ስለማይገባ ዕቅዱ ወደ ሰባት ቅጽ ተለወጠ። «ዘ አርት ኦቭ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ» የተባለው ይህ ሥራ አንደኛ ቅጹ በ1968፣ ሁለተኛው በ1969፣ ሦስተኛው በ1973 ወጣ። በ1974 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ 36 ዓመታቸው ነበር።

ወደ ፊደሉ ከመመለሴ በፊት አንድ ትንሽ ሥራቸውን ቀረብ ብዬ ላሳይ። በ1977 ከጄምስ ሞሪስና ከቮን ፕራት ጋር ያሳተሙት በረዥም ጽሑፍ ውስጥ ቃል የመፈለጊያ ዘዴ ነው። «ለምለም» የሚለውን ቃል እንፈልግ። ከጽሑፉ ላይ «ለ»፣ «ም»፣ «ለ» አነበብን፤ አራተኛው ፊደል ግን «ም» ሳይሆን ቀረ። ጀማሪ ፕሮግራመር ወደ ሁለተኛው ፊደል ተመልሶ እንደ አዲስ ያነባል። ይህ ዘዴ አይመለስም። ያነበብኩት የመጨረሻው «ለ» የአዲስ «ለምለም» መጀመሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ ከዚያው ይቀጥላል። የተጣራው የዘዴው ስሪት ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ከዚያ «ለ» በኋላ መምጣት ያለበት «ም» ነው፤ አሁን ያለው ፊደል ግን «ም» አለመሆኑ ቀድሞ ታውቋል፤ ስለዚህ ያንን ሙከራ ዘሎ አሁን ያለው ፊደል ራሱ የአዲስ «ለምለም» መጀመሪያ መሆን አለመሆኑን ብቻ ያያል። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። አንዴ የታወቀ ነገር ዳግም አይጠየቅም። ቴኽም የተሠራው በዚሁ ጠባይ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጾች የተለቀሙት በሞኖታይፕ ማሽን፣ ከቀለጠ እርሳስ በሚቀረጽ ፊደል ነበር። የሒሳብ ቀመሮቹን የሚያስተካክሉት እጃቸው የሠለጠነ ባለሙያዎች ነበሩ። የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም ሲዘጋጅ ግን ጊዜው 1977 ሆኗል፤ እርሳሱ ቀርቶ ፊደል በፎቶግራፍ ዘዴ ይለቀማል። የማረሚያ ቅጂው ደረሳቸው። ፊደሉም ክፍተቱም ከበፊቱ የወረደ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ በዲጂታል ማሽን የተለቀመ የሌላ መጽሐፍ ናሙና አይተው ነበር። በዚያ ማሽን ገጽ ማለት የነጥቦች ሰንጠረዥ ነው፤ ቀለም ያለበት ነጥብ 1፣ የሌለበት 0። 0ና 1 ደግሞ የእሳቸው ሙያ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1977 ሊሠሩት ያሰቡትን ሥርዓት ለራሳቸው በማስታወሻ ጻፉ። በ1978 የምርምር ዕረፍት ዓመታቸው ጨርሰው ወደ መጽሐፉ ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። አሥር ዓመት ያህል ፈጀ።

መጀመሪያ መለኪያው። ቴኽ ስፋትን የሚለካበት ትንሹ አሃድ የአንድ ፖይንት 65,536ኛ እጅ ነው። ይህ ከ6 ናኖሜትር ያነሰ ነው። በዓይን የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከዚህ አሃድ መቶ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማንም ማተሚያ ይህን ያህል አይጠራም፤ ክኑትም ይህን ያህል ጥራት በወረቀት ላይ አልፈለጉም። የፈለጉት ሌላ ነው። ኮምፒውተሮች ባለ ነጥብ ቁጥሮችን የሚያጠጋጉበት መንገድ በዚያን ጊዜ ከማሽን ማሽን ይለያይ ነበር። አንድ ቦታ ላይ የተጠጋጋች ኢምንት ልዩነት አንድ ቃል ወደ ቀጣዩ መስመር ትገፋለች፤ ያ መስመር አንቀጹን፣ አንቀጹ ገጹን ይለውጣል። ስለዚህ መስመርና ገጽ የሚቆረጥበትን ስሌት ሁሉ በሙሉ ቁጥር አደረጉት። አሃዱ ያነሰው ስህተቱ በጭራሽ እንዳይታይ ነው፤ ቁጥሩ ሙሉ የሆነው መልሱ በሁሉም ማሽን አንድ እንዲሆን ነው። ፋይሉና ፊደሉ እስካልተለወጡ ድረስ ከዓመታት በፊት የተለቀመ አንቀጽ ዛሬም እዚያው ቃል ላይ ይቆረጣል።

ቀጥሎ የመስመሩ አቆራረጥ። ከቴኽ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች አንድ መስመር እስኪሞላ ቃል ይጨምራሉ፤ ሲሞላ ይቆርጣሉ፤ ወደ ኋላ አያዩም። ክኑትና ተማሪያቸው ማይክል ፕላስ በ1981 ያሳተሙት ዘዴ አንቀጹን በሙሉ ካላየ የመጀመሪያውን መስመር አይወስንም። ለዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ይበቁታል። ሳጥን፦ ፊደልም ይሁን ቀመር፣ ስፋቱ የማይለወጥ ነገር ነው። ሙጫ፦ በሳጥኖች መካከል ያለ፣ የሚለጠጥና የሚጨመቅ ክፍተት ነው። ቅጣት፦ እዚህ ቦታ ላይ መስመር ብቆርጥ ምን ያህል ያስከፍለኛል ለሚለው የተሰጠ ቁጥር ነው።

አሥር ክፍተት ያለው መስመር እንውሰድ። ቃላቱ በልካቸው ሲደረደሩ ከገጹ ስፋት 10 ፖይንት ጎደሉ። አሥሩ ክፍተቶች አንድ ላይ የሚለጠጡት 16.6666 ፖይንት ነው። 10 ለ16.6666 ሲካፈል 0.6። ቴኽ ይህን ለሦስተኛ ኃይል አንሥቶ በ100 ያበዛዋል፤ 22 ገደማ ይመጣል። ይህ የመስመሩ መጥፎነት ነው። ጉድለቱ 20 ፖይንት ቢሆን ኖሮ ሬሾው 1.2፣ መጥፎነቱ 173 ይሆን ነበር። ጉድለቱ እጥፍ ሲሆን መጥፎነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የሠለጠነ ዓይን ትንሽ መሳሳትን አይቶ ያልፋል፤ ትልቁን አያልፍም። ያንን የዓይን ልማድ አንድ ሦስተኛ ኃይል ተሸከመው።

ከዚያ መጥፎነቱ ላይ 10 ተደምሮ ድምሩ በራሱ ይበዛል። የ22ቱ መስመር 32 በ32፣ ማለትም 1,024 የጥፋት ነጥብ ያገኛል። የ173ቱ መስመር 183 በ183፣ 33,489። አሁን ሁለት ምርጫ አለ እንበል። በአንደኛው ምርጫ የመጀመሪያው መስመር እንከን የለሽ ሆኖ ሁለተኛው 173 ይደርስበታል፤ ድምሩ 100 ሲደመር 33,489 ነው። በሌላው ሁለቱም መስመሮች 22 ይሆናሉ፤ ድምሩ 2,048 ብቻ። ቴኽ ሁለተኛውን ይመርጣል። ለቀጣዩ መስመር ሲል የመጀመሪያውን ሆን ብሎ ትንሽ ያበላሻል። ጎበዝ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ በልምድ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ግን ቀድሞ ማየት የሚችለው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው።

መለጠጥና መጨመቅ እኩል አለመሆናቸውንም ልብ ይሏል። ክፍተቱ ከተሰጠው 1.66666 በላይ ሊለጠጥ ይችላል፤ መጥፎነቱ ያድጋል እንጂ አይከለከልም። ከ1.11111 በላይ ግን በፍጹም አይጨመቅም። የሳሳ መስመር ያስቀይማል፤ ቃላቱ የተጣበቁበት መስመር ግን አይነበብም።

መስመሮች ደግሞ በአራት ምድብ ይከፈላሉ፦ የተጨመቀ፣ ደህና፣ የሳሳ፣ በጣም የሳሳ። የተጨመቀ መስመር ከሳሳ መስመር ጋር ከተጎራበተ 10,000 የጥፋት ነጥብ ይጨመራል። ለየብቻቸው የሚያሳፍሩ ባይሆኑም ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ይይዛቸዋል። በጭረት የሚያልቁ ሁለት መስመሮች ከተከታተሉም ሌላ 10,000 አለ። ሁሉም ቁጥር በተጠቃሚው ሊለወጥ ይችላል። ጣዕም ያለው ሰው የሚሰማውን ነገር በቁጥር ጽፎ፣ ቁጥሩን ማንም ሊያየውና ሊሟገተው በሚችልበት ቦታ ማስቀመጥ፦ በእኔ ግምት የክኑት ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

መቶ የመቁረጫ ቦታ ያለው አንቀጽ በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ባለ 31 አሃዝ ቁጥር ያህል የአቆራረጥ ዓይነት አለው። ቴኽ አይቆጥራቸውም። ወደ አንድ መቁረጫ ቦታ የሚያደርሱት መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ ከአራቱ ምድቦች ለእያንዳንዱ ምርጡን መንገድ ይዞ ሌላውን ይጥላል። በአንድ ዙር አንቀጹ ወደ ኋላ ሳይመለስ ይነበባል። የ«ለምለም» ፍለጋ ጠባይ እዚህም አለ።

ቃል መሰንጠቅ ለብቻው የታሰበበት ሥራ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል በመስመር መጨረሻ የሚሰነጠቀው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን በሙሉ ለመያዝ ደግሞ የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ አይበቃም። የክኑት ተማሪ ፍራንክ ሊያንግ በ1983 የዶክትሬት ጽሑፉ መልሱን አመጣ፦ 4,447 አጫጭር የፊደል ቅጦች። በየቅጡ ፊደላት መካከል ቁጥሮች አሉ። ጎዶሎ ቁጥር መሰንጠቅን ይፈቅዳል፤ ተጋማሽ ቁጥር ይከለክላል፤ ቅጦች ሲጋጩ ትልቁ ያሸንፋል። ሕግ፣ የሕጉ ልዩነት፣ የልዩነቱ ልዩነት በዚሁ ይደራረባሉ። ቅጦቹ በመዝገበ ቃላቱ ካሉት የመሰንጠቂያ ቦታዎች 89 በመቶውን ያገኛሉ። የቀረው ይቅር ተባለ፤ ቃል ሳይሰነጠቅ ቢቀር ብዙ ጊዜ ማንም አያውቅም፤ በተሳሳተ ቦታ ቢሰነጠቅ ግን ሁሉም ያያል። ከቅጦቹ በተጨማሪ በእጅ የተጻፉ 14 ቃላት አሉ። ከእነሱ መካከል «ፕሮጀክት» እና «ፕሬዘንት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ይገኛሉ። እነዚህ ስም ሲሆኑና ግስ ሲሆኑ የሚሰነጠቁበት ቦታ ይለያያል፤ ቴኽ ሰዋስው ስለማያውቅ እንዳይነካቸው ታዘዘ።

ለግእዝ ፊደል በኋላ ሌሎች ያዘጋጁት የቴኽ ቅጦች ፋይል ከዚህ ጋር ሲተያይ ፈገግ ያሰኛል። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከማንኛውም ፊደል በኋላ መቁረጥ ይቻላል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ ዓምዱ ሲያልቅ ቃሉን ከደረሱበት ፊደል ላይ ያለ ምንም ምልክት ቆርጠው ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋሉ፤ ቃሉ የት እንዳለቀ የሚነግሩት ሁለቱ ነጥቦች ናቸው።

የቀረው ፊደሉ ነው። ቴኽ ፊደልን የሚያውቀው በሳጥን ስፋት ብቻ ስለሆነ ቅርጹን የሚሥል ሌላ ፕሮግራም አስፈለገ፤ ሜታፎንት። በሜታፎንት ፊደል ሥዕል አይደለም፤ ብዕር ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚናገር ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተር ሞደርን የሚባለው የፊደል ቤተሰብ በ62 መለኪያዎች ይገዛል። መለኪያዎቹ ሲለወጡ ያው ትእዛዝ ቀጭኑን፣ ደማቁን፣ ትንሹንና ትልቁን ፊደል ያወጣል።

የ10 ፖይንቱን ፊደል ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ ደስ ይላል። ሁሉም በፖይንት 36ኛ እጅ ተጽፏል። የትልቁ ሆሄ ቁመት 246። ከትንንሾቹ ሆሄያት ወደ ላይ የሚዘልቁት ቁመታቸው 250፤ ከትልቁ ሆሄ በአራት ይበልጣሉ። አኃዞች 232፤ ከትልቁ ሆሄ ዝቅ ይላሉ፣ በጽሑፍ መሐል ዓመተ ምሕረት ሲመጣ እንዳይጮኽ። የቀጥታ ዓምድ ውፍረት 25 ሲሆን የክብ ፊደል ሆድ 30 ነው። ዓይን ክብ ነገርን ቀጭን አድርጎ ስለሚያይ እኩል ቢሆኑ እኩል አይመስሉም። በዚሁ ምክንያት እንደ «ኦ» ያለው ክብ ፊደል ከመስመሩ በላይና በታች 8 ያህል እንዲያልፍ ይደረጋል። ለትንሹ «ኤስ» መሐል ለብቻው የተሰጠ ውፍረት አለ፤ 27። ቀጥም ክብም ስላልሆነ በሁለቱ መካከል ተቀመጠ።

ያ «ኤስ» ብዙ አድክሟል። ክኑት ሌሎቹን ፊደላት ሲገልጹ ቆይተው እሱ ላይ ሲደርሱ ሦስት ቀንና ሌሊት ታገሉት። ባለቤታቸው ጂል መጥተው ለምን የ«ኤስ» ቅርጽ አታስይዘውም ማለታቸውን ራሳቸው ተርከውታል። ችግሩ የሒሳብ ነበር፦ ከላይ የሚመጣው ኩርባ የመሐሉን አግዳሚ ሳይሰበር እንዲነካው የት ላይ ወደ ግራ እጅግ መውጣት እንዳለበት ማግኘት። መልሱን አግኝተው በ1980 ስለዚህ አንድ ፊደል ብቻ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አሳተሙ፤ በውስጡም በ1517 ፊደልን በማስመሪያና በኮምፓስ ለመሥራት የሞከረውን የጣሊያኑን ቶርኒየሎን ዘዴ መረመሩ።

ትንሹ ፊደል ትልቁ ተቀንሶ የተሠራ አይደለም። የ5 ፖይንቱ ፊደል ቁመቱ የ10ሩ ግማሽ ነው፤ የስፋት መለኪያው ግን 6.80557 ፖይንት ነው እንጂ 5 አይደለም። ትንሽ ፊደል ሰፋና ላላ ካላለ አይነበብም። የእርሳስ ዘመን ፊደል ቀራጮች ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ ብዙ የኮምፒውተር ፊደል ሥራ ግን ለረዥም ጊዜ ረስቶት ኖሯል። ክኑት ከእጅ ባለሙያዎቹ እግር ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል፤ ኸርማን ዛፍ፣ ማቲው ካርተር፣ ቻርልስ ቢግሎና ክሪስ ሆምስ ስታንፎርድ ድረስ መጥተው ሥራቸውን አይተውላቸዋል።

እንከን የለውም አልልም። ኮምፒውተር ሞደርን በዛሬ ማተሚያና በስክሪን ላይ ገርጥቶ ይታያል፤ ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። ቴኽም ለአንቀጽ ያሳየውን አርቆ ማየት ለገጽ አላሳየም። መስመርን የሚቆርጠው አንቀጹን በሙሉ አይቶ ሲሆን ገጽን የሚቆርጠው ግን ያንን ገጽ ብቻ አይቶ ነው። የዚያን ጊዜ ማሽኖች ብዙ ገጽ ባንድ ላይ መያዝ አይችሉም ነበር። ምክንያቱ በቂ ነው፤ ጉድለቱ ግን ዛሬም ባዶ ቦታ በቀረበት ገጽ ግርጌ ይታያል።

ፕሮግራሙ ራሱ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። በ1986 የወጣው «ቴኽ፦ ዘ ፕሮግራም» ቁጥር ከተሰጣቸው ከ1,300 በላይ አጫጭር ክፍሎች የተሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል መጀመሪያ በተራ ቋንቋ ማብራሪያ፣ ቀጥሎ ጥቂት መስመር ኮድ ይዟል። ክፍሎቹ የተደረደሩት ለሰው በሚመች ቅደም ተከተል ነው። ታንግል የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ኮዱን ብቻ መርጦ ለማሽን በሚመች ቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል፤ ዊቭ የተባለው ሌላው ደግሞ ከዚያው ፋይል የሚነበበውን መጽሐፍ ያወጣል። ምንጩ አንድ ስለሆነ ማብራሪያውና ኮዱ ተለያይተው አያረጁም።

ከመጋቢት 10 ቀን 1978 ጀምሮ ክኑት በቴኽ ውስጥ ያገኙትን ስህተትና ያደረጉትን ለውጥ ሁሉ መዝግበዋል። በ1989 መዝገቡን አሳተሙት፤ ከ850 በላይ መስመር አለው። እያንዳንዱ ከአሥራ አምስት ምድቦች የአንዱን ፊደል ይዟል፦ የአልጎሪዝም ስህተት፣ የተረሳ ተግባር፣ በክፍሎች መካከል አለመግባባት፣ ያልታሰበ ሁኔታ፣ ተራ የአጻጻፍ ግድፈት። ማወቅ ሲገባኝ የሳትኩት ለሚባለው ስህተትም የራሱ ፊደል አለው። ምሁር የራሱን ጥፋት እንዲህ በየዓይነቱ ከፍሎ ሲያሳትም ሌላ አላየሁም።

ሌላ ሰው ስህተት ሲያገኝ ሽልማት አለው። በመጽሐፎቻቸው ላይ ለተገኘ ስህተት 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ነው፤ 256 ሳንቲም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር አንድ ሙሉ «ዶላር» ይሆናልና። በቴኽ ላይ ለተገኘ ስህተት ክፍያው ዓመት በዓመት እጥፍ እየሆነ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ላይ ቆመ፤ ይህም የሁለት አሥራ አምስተኛ ኃይል በሳንቲም ነው። እስከ 2008 ሽልማቱ በእውነተኛ ቼክ ይላክ ነበር፤ ብዙዎች ግን ቼኩን ባንክ አይወስዱትም፣ በፍሬም አድርገው ይሰቅሉት ነበር።

ያው እጅ በትልቁ መጽሐፍ ውስጥም ይታያል። መልመጃዎቹ ከ00 እስከ 50 ክብደት ተሰጥቷቸዋል፤ 50 ማለት ገና ያልተፈታ የምርምር ጥያቄ ነው። በማሳያነት የተቀመጠው የፌርማ የመጨረሻ ቲዎረም 50 ነበር። አንድሩ ዋይልስ ከፈታው በኋላ ወደ 45 ወረደ። የስም ማውጫውን የከፈተ ሰው የሩሲያ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የዕብራይስጥ ስሞችን በየራሳቸው ፊደል ተጽፈው ያገኛል። ፊደሉን ያለ ቴኽ ማን ይለቅመው ነበር ያሰኛል።

ከጥር 1 ቀን 1990 ወዲህ ኢሜይል አይጠቀሙም። ብዙም ሳይቆዩ ማስተማሩን ትተው ጊዜያቸውን ለመጽሐፉ ሰጡ። አራተኛው ቅጽ ራሱ ስለበዛ ተከፋፈለ፤ አንደኛው ክፍል በ2011፣ ሁለተኛው በ2022 ወጣ። ቴኽ የወሰደው አሥር ዓመት ባይኖር ኖሮ ስንት ቅጽ በደረሰ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ልውውጡ የከፋ አይመስለኝም፤ ማንም ቀጣዩን ቅጽ መጻፍ ባይችል እንኳ ማንም በቴኽ መጻፍ ይችላል።

ቴኽ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም። ትሪፕ የሚባል ፈተና አለው፤ ማንም ጤነኛ ሰው የማይጽፈው፣ የፕሮግራሙን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ ለመንካት ሆን ተብሎ የተወሳሰበ ፋይል ነው፤ እሱን ያላለፈ ፕሮግራም ቴኽ መባል አይችልም። የእትሙ ቁጥር በየማስተካከያው ወደ ፓይ አንድ አሃዝ ይጠጋል፤ 3.1፣ 3.14፣ 3.141። ክኑት ሲሞቱ ቁጥሩ ፓይ ራሱ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈ ስህተት ካለ እንደ ጠባይ ይቆጠራል። እስከዚያው ግን የተጠራቀሙትን አቤቱታዎች እየቆዩ ያያሉ፤ በየፍተሻው መካከል ያለው ጊዜ እያደር ይረዝማል። በ2014 አዩ። ቀጥለው በ2021 አዩ። የሚቀጥለው በ2029 ነው።